መጀመሪያ ካውያው፣ ቀጥሎ ቴስተሩ

ቄስ ገብረሚካኤል፣ ይፍቱኝ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከካምፑም ከገዳሪፍም ከሾዋክም በዚህ ፀሐይ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓም ኸሊል፣ ሱቅዎን ዘግተው ከጁምዓ በፊት ስለደረሱልን አላህ ይባሪክ ፊክ፤ የምለውን አማል አጠገብዎ ሆና ትነግርዎታለች። አደይ ትዕበ፣ እባክዎ ወደ ፊት ይምጡ። ከኋላ አይቁሙ፤ ዛሬ ከኋላ መቆም የሌለብዎ ሰው እርስዎ ነዎት። ኣድያም እህቴ፣ ስለ ወንድምሽ ለመናገር ከአንቺ የሚቀርብ ሰው የለም። ግን ትናንት ከከሰላ እንደገባሽ እጄን ይዘሽ «እኔ አልችልም፣ አንተ ተናገር» አልሽኝ። እሺ። እናገራለሁ።

ያረጋል እባላለሁ። የሽንፋ ልጅ ነኝ፤ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ዓም ኸሊል ሱቅ፣ ከክብርኣብ ጋር በአንድ ጠረጴዛ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ኮምፒውተር፣ የሶላር ዕቃ እንጠግናለን። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ቴስተር ነበረን።

ክብርኣብ ትናንት ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ሞተ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። በወባ አልሞተም። በጥይት አልሞተም። ደሙ አልቆ ነው የሞተ። ደም ግን ገዳሪፍ ነበረ። መኪና እዚህ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ነጂው መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ?

ምን እንደጎደለ እነግራችኋለሁ። ግን ከፊት ልጀምር፤ ምክንያቱም እሱን የገደለውን ነገር ለይቼ እንዳውቅ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። አስተምሮኝ ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁ።

ክብርኣብ ኮምፒውተር የተማረ ሰው ነበር፣ በዩኒቨርሲቲ። በ2013 ኅዳር ጦርነቱን ሸሽቶ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን መንደር 8 መቀበያ ጣቢያ ሲደርስ የያዘው አንድ የዱቄት ከረጢት ነበር። ዱቄቱ ውስጥ ላፕቶፑን ቀብሮታል። ፈታሾች ከረጢቱን ዳበስ አድርገው አለፉት። እስከ ትናንት ድረስ ያን ላፕቶፕ ገልብጣችሁ ብትመቱት ከቁልፎቹ መሃል ዱቄት ይወርዳል። እኔ «ጥራው እንጂ» ስለው «ስንቄ ነው፣ ተወው» ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ዓም ኸሊል ሱቅ ሲመጣ «ከየት ነህ?» አለኝ። «ከሽንፋ» አልሁት። ዝም አለ። «አንተስ?» አልሁት። «ከሽሬ» አለኝ። እኔም ዝም አልሁ። በዚያ ዘመን እኔና እሱ ስንገናኝ ዝም የምንልበት ምክንያት ነበረን፤ እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፣ አላብራራም። ትንሽ ቆይቶ የተፈታ ሬዲዮ ወደ እኔ ገፋ አደረገና ካቻቢቴውን አቀበለኝ። «ይቺን ያዝልኝ» አለ። በቃ። አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ጦርነት አንድ ቀን አላወራንም። ስለ ሽቦ ነው ያወራነው። ወንድምነት ከዚህ በላይ ምን አለው? እኔ አላውቅም።

አሁን ዶንኪውን አስቡ። ይህን ካምፕ የሚያጠጣውን ጉድጓድ ማለቴ ነው፤ ሶላሩን፣ ፓምፑን፣ ትልቁን ሮቶ። ፓምፑን የሚያዝዘው አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ የጫማ ካርቶን እንኳ አያክልም። በጎኑ ሞደም ተሰክቶበታል፤ በየሰዓቱ ስንት ውሃ እንደወጣ ውጭ አገር ላሉ ሰዎች ይልካል። አደይ ትዕበ ናቸው የዶንኪው ጠባቂ። አምና በበጋ ኮምፒውተሩ ስታክ ማድረግ ጀመረ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአሥር ቀን አንድ ቀን። ሰዓቱ እንኳ ስክሪኑ ላይ ይቆማል። ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ሲመሽም ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፓምፑ ዝም፣ ሮቶው ባዶ፣ ጀሪካኑ ከዶንኪው እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰልፎ።

«ማን ነው ያበላሸው?» ተባለ። ሰው ሁሉ አደይ ትዕበን አየ። ነካክተውት ነው ተባለ። የካምፑ ኮሚቴ ጠራቸውና ከዶንኪው አስወጣቸው። ኮሚቴው ፊት ቆሞ «እሳቸው ናቸው፣ ሞደሙን ሲነቅሉ በዓይኔ አይቻለሁ» ያለው ማን ነበር? አደይ፣ ይኸው በሰው ፊት ልናገር። እኔ ነበርሁ።

ደግሞ አልዋሸሁም። እውነትም ይነቅሉት ነበር። ልጃቸው ከሰላ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ እረፍቷ በዘጠኝ ሰዓት ነው። አደይ በዘጠኝ ሰዓት ሞደሙን ነቅለው፣ ከትምህርት ቤቱ በተዋሱት ላፕቶፕ ላይ ሰክተው፣ አምስት ደቂቃ የልጃቸውን ፊት ያያሉ። ከዚያ መልሰው ይሰኩታል። ወንጀላቸው ይህ ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ብልህ ነኝ አይደል፤ የቆርቆሮ ሳጥን በየድሁ። ሞደሙን ከነመሰኪያው ከደንሁትና ቁልፍ አንጠለጠልሁበት። ደስ ብሎኝ ክብርኣብን ወስጄ አሳየሁት። ዞሮ ዞሮ አየው። «ብየዳው ጥሩ ነው» አለ። ቀጥሎ «አውጣው» አለ።

«ለምን?»

«አንዲት እናት ዕቃ ስለነቀሉ የሚሞት ማሽን ከሆነ፣ በሽታው ማሽኑ ውስጥ ነው። እሳቸው አሳዩን እንጂ አላበላሹም። ሰዎቹን ተዋቸው ያረጋል፤ ተራውን ነው የምናየው።»

ተራ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። በማግስቱ አደይ ትዕበን አስጠራቸው። ታስታውሳላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ እዚያ ነበራችሁ። «አደይ፣ እንደ ወትሮዎ ይንቀሉልኝ» አላቸው። ሊይዛቸው የመጣ መስሏቸው ነበር። ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ መላኩን ትቶ ሳያቋርጥ እንዲልክ አድርጎታል። ነቀሉ። ምንም የለም። ሰኩ። ነቀሉ። ምንም የለም። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። አርባ አራተኛው ላይ ፓምፑ ዝም አለ። ክብርኣብ አጨበጨበ! ውሃ ተቋርጦ፣ ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ቆመው፣ እሱ እየዘለለ ያጨበጭባል። አንዷ ጀሪካኗን ወረወረችበት፣ ግንባሩን አገኘችው። የወረወርሽው እዚህ መሃል እንዳለሽ አውቃለሁ። አታልቅሺ። እሱ ባነሳት ቁጥር ይስቅባት ነበር።

«ምን አገኘህ?» አልሁት። ያን ቀን አልነገረኝም። በሁለተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ ነው የነገረኝ። እንዴት እንደነገረኝ ስሙ።

እኔ አንድ ሶላር ቻርጀር እየሠራሁ ነበር። ካውያውን፣ ሽቦ የምናጣብቅበትን ማለቴ ነው፣ ይዤ ቴስተሩን እፈልጋለሁ። አማል ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ስልክ ፈታትታ፣ ቴስተሩን ይዛ ካውያውን ትፈልጋለች። አማል ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀለች ናት፤ ያኔ ለሱቁ አዲስ ነበረች፣ አማርኛውንም ገና ከእኛ ትለምድ ነበር። እኔ «ልጅቷ ስትጨርስ ትሰጠኛለች» ብዬ ዝም። እሷ «ትልቅ ሰው ነው፣ ሲጨርስ ይሰጠኛል» ብላ ዝም። ካውያው እጄ ላይ ይግላል። ሁለት ደንበኛ ቆሟል። ሃያ ደቂቃ! ዓም ኸሊል «ያ ጀማዓ፣ ሞታችኋል እንዴ?» ብለው ጮኹ። ክብርኣብ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ካውያውን አየ።

«ያረጋል፣ ጨዋ ነህ?»

«ነኝ።»

«አማል፣ አንቺስ?»

«አይዋ።»

«ማን አጠፋ?»

ማንም አላጠፋም። እኔ የያዝሁትን በደንብ ይዣለሁ። እሷም የያዘችውን በደንብ ይዛለች። እስከ ምጽአት ድረስ እንዲሁ እንቀመጥ ነበር። ክብርኣብ እርሳስ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ጻፈ፤ «መጀመሪያ ካውያው፣ ቀጥሎ ቴስተሩ»። አማል ከሥሩ በአረብኛ ጻፈችው። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ካውያውን ሳይዝ ቴስተሩን እንዳይነካ። እሱም፣ እኔም፣ ዓም ኸሊልም። «የትኛውም ቢቀድም ግድ የለኝም» አለ። «ሁሉም በአንድ ተራ ይውሰድ ብቻ። ዶንኪው ውስጥ የሆነው ይኸው ነው።»

እንደገባኝ ልንገራችሁ። በኮምፒውተር ውስጥ ከሁሉ በታች ሆኖ ሁሉን የሚያዝዝ ክፍል አለ፤ ከርነል ይሉታል። እዚያ ውስጥ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒውተሩ ከሞደሙ ጋር የሚነጋገረው በእሱ ነው። ድራይቨሩ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ የተሰኩትን ዕቃዎች ዝርዝር ይጠብቃል። ሁለተኛው ሞደሙን ራሱን ይጠብቃል። መረጃ ሲልክ የሞደሙን ቁልፍ ይይዝና የዝርዝሩን ይጠይቃል። ሞደሙ ሲነቀል ደግሞ የዝርዝሩን ይይዝና የሞደሙን ይጠይቃል። አንዱ እኔ ነኝ፣ አንዱ አማል። ብዙውን ጊዜ አይገናኙም፤ አንዱ ጨርሶ ሲለቅ ነው ሌላው የሚመጣ። ግን ኮምፒውተሩ በዘጠኝ ሰዓት ሲልክ፣ አደይ በዘጠኝ ሰዓት ሲነቅሉ፣ አንድ ቀን እኩል ይገባሉ። ያኔ ሁለቱም ይጠብቃሉ። የሚለቅ የለም። ጥፋቱ ድራይቨሩ ሲጻፍ ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

«ታዲያ አንዱን ቁልፍ አውጥተህ ጣለዋ» አልሁት። «እንዲያ ከሆነ አንዱ ሲነቅል ሌላው እዚያው ላይ ይጽፋል፤ ያኔ ስታክ አያደርግም፣ ይበላሻል» አለኝ። «ቁልፉ ምን አደረገ? ተራው ነው።»

ሃያ ሁለት ቀን ፈጀበት። ያ ዱቄታም ላፕቶፕ አንድ ጊዜ አዲሱን ከርነል አዘጋጅቶ እስኪጨርስ ከጠዋት እስከ ማታ ይወስድ ነበር፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከሀ። ምሳውን ትቶ በሻይ ይውል ነበር። ጨጓራው ያን ጊዜ ነው መጮህ የጀመረው። አይቻለሁ። «ብላ እንጂ» ብየዋለሁ። አልጎተትሁትም።

በመጨረሻ ምን ጻፈ መሰላችሁ? ምንም አዲስ ነገር አልጻፈም። አራት መስመር ከታች ወደ ላይ አወጣ። የሚልከውም እንደሚነቅለው፣ መጀመሪያ የዝርዝሩን ቁልፍ እንዲይዝ፣ ቀጥሎ የሞደሙን፣ ከዚያ የዝርዝሩን ወዲያው እንዲለቅ። በዚያው ሲያስስ ማንም ያልደረሰበት ሦስተኛ ቦታ አገኘ፤ ፀሐይ ደክማ ኮምፒውተሩ ኃይል ሲቆጥብ እዚያም ተራው ተገልብጦ ነበር። እሱንም አስተካከለ። «ይሄ እኮ እስካሁን ማንንም አልጎዳም» አልሁት። «ስላልተገናኙ ነው» አለኝ።

ከዚያ ድራይቨሩን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ላከላቸው። ኔትወርክ ፍለጋ ሮቶው ላይ ወጥቶ በስልኩ ነው የላከው። እንዲህ ያለ ማስተካከያ ሲላክ ጥፋቱን ማን እንዳገኘው ከሥር ይጻፋል፤ ልማዳቸው ነው። ክብርኣብ ከስሙ በላይ ምን ጻፈ? «ያገኘችው፦ ትዕበ፣ የዶንኪ ጠባቂ»። በሁለተኛው ወር ተቀብለነዋል ብለው መለሱ። ያ ሞደም በዓለም ላይ በተሰካበት ሁሉ አሁን የአደይ ትዕበ ስም አለ። ጽሑፉን ስናሳያቸው አደይ ስማቸውን በፈረንጅ ፊደል አይተው ምን አሉ? «ዛሬ ደግሞ የት ተከሰስሁ?» ኧረ አደይ! ተመስግነው ነው። ኮሚቴው ወደ ዶንኪው መለሳቸው። የእኔ ሳጥን የዶሮ ቤት ሆነ።

ይህን ሁሉ ለምን ነገርኋችሁ? ማክሰኞ ስለመጣ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እዚህ የክሊኒኩን ፍሪጅ እየሠራን ሳለ ክብርኣብን ደም አስታወከው። እጄ ላይ ነው ያስታወከ። ሐኪሙ አየውና «ደም ካልተሰጠው አይተርፍም፣ ዛሬውኑ ገዳሪፍ ይሂድ» አለ። በረክሻ ልውሰደው አልሁ። «ተኝቶ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት ካልሆነ መንገድ ላይ ያልቅብሃል፤ በክሊኒኩ መኪና ነው» አለኝ። መኪናው በር ላይ ነበር።

ሁለት መስኮት አለ። አንዱ የክሊኒኩ ነው፤ መኪናው የሚወጣበትን ደብዳቤ አቶ ባንታምላክ ይጽፋሉ። ሌላው የመክተቡ፣ የካምፑ አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ከካምፕ መውጫውን ፈቃድ፣ ተስሪሁን፣ ሲት ሰኪና ይሰጣሉ። በሁለቱ መሃል ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

አቶ ባንታምላክ «ደብዳቤው ላይ የተስሪሁ ቁጥር መግባት አለበት፣ ቁጥሩን ይዘህ ና» አሉኝ። ሄድሁ። ሲት ሰኪና «ወይን አልወረጋ? የክሊኒኩ ወረቀት የት አለ? ቁጥሩን ሳላይ ተስሪህ አልጽፍም» አሉኝ። ተመለስሁ። ሄድሁ። ተመለስሁ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲሆን የሁለቱም አለቃ ከገዳሪፍ በስልክ «ስጡት» ይላል፣ ያልቃል። ማክሰኞ ኔትወርክ አልነበረም። ረቡዕም አልነበረም። ለመንሁ። አለቀስሁ። አንድ ጊዜ ጮኽሁ። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እብድ በዚያ መንገድ ተመላለስሁ።

ረቡዕ ከሰዓት አልጋው ጋ መጣሁ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ስንት መስኮት ነው?» አለኝ። «ሁለት» አልሁት። ዓይኑን ጨፈነ፤ የተኛ መሰለኝ። ቀጥሎ «ማን መጀመሪያ ይይዛል?» አለ። ሊነሣ ሞከረ። እርሳስ እንዲሰጡት በእጁ ምልክት አሳየ። እኔ ምን አልሁት? ትከሻውን ይዤ አስተኛሁት። «ዝም በል፣ አትድከም» አልሁት።

ዝም በል አልሁት።

ወገኖቼ፣ በዚህ ካምፕ ውስጥ ያን በሽታ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ። አልጋው ላይ ሆኖ ስሙን ነገረኝ። እኔ ዝም አሰኘሁት። ግድግዳችን ላይ የተጻፈ ነገር ነው እኮ! በየቀኑ ከፊቴ የማነበው ነገር! አንዱን መስኮት «ቁጥሩን ባዶ ይተዉትና መጀመሪያ እርስዎ ይልቀቁ» ማለት ብቻ ነበር። እየሮጥሁ ስለነበር የሠራሁ መሰለኝ።

ትናንት ሐሙስ በአራት ሰዓት ሞተ። በስድስት ሰዓት ኔትወርክ መጣ። አለቃቸው ደወለ። ሁለቱ ወረቀቶች በአሥር ደቂቃ አለቁ። ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ናቸው። እዩዋቸው። የአንዱ ቁጥር በሌላው ላይ ተጽፏል፤ የሌላው ቁጥር በዚህኛው ላይ። ማኅተማቸው ንጹሕ ነው። ምንም አይጎድላቸውም።

ዛሬ ጠዋት ጉድጓዱን ስንቆፍር፣ እዚህ ቆሜ ሁለቱን ሰዎች በስም ጠርቼ ልረግም ነበር ያሰብሁት። እውነቴን ነው። አቶ ባንታምላክ፣ ከኋላ ቆመዋል፣ አይቼዎታለሁ። ሲት ሰኪና፣ እርስዎንም። መምጣት እንደከበዳችሁ አውቃለሁ። አካፋውን ይዤ ስድቡን በልቤ ስደረድር ድምፁ መጣብኝ። «ሰዎቹን ተዋቸው ያረጋል።» እንግዲህ ምን ላድርግ? አቶ ባንታምላክ ተስሪህ የሌለው መኪና ልከው፣ ነጂው ኬላ ላይ ተይዞ አንድ ወር ታስሮባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ነው ቁጥር የሚጠይቁት። ሲት ሰኪና ያለ ደብዳቤ የጻፉት ተስሪህ ገበያ ላይ ተሽጦ፣ ከሥራ ሊባረሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ቁጥር የሚጠይቁት። ሁለቱም የያዙትን በደንብ ይዘዋል። ሁለቱም ጨዋ ናቸው። በሁለት ጨዋ ሰዎች መሃል ነው ወንድሜ የሞተብኝ። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። የምጠላው ሰው እንኳ አጣሁ።

አሁን ስሙኝ፤ ልጨርስ ነው።

ማስተዋል የምትባል ልጅ አለች። የቋራ ልጅ ናት፤ ለሰሊጥ አጨዳ ነው የመጣች። ትናንት ማታ ጓደኞቿ በቃሬዛ አምጥተው ክሊኒኩ አስገቧት። ምን እንደሆነች በሰው ፊት አልዘረዝርም። ደም ያስፈልጋታል። ክብርኣብ የሞተበት አልጋ ላይ ናት፤ ሌላ አልጋ የለም። ስልክ ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠፍቷል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። ነገም ዝግ ናቸው። እሑድ ሲከፈት ማን መጀመሪያ ይይዛል?

አቶ ባንታምላክ፣ እግርዎ ሥር እወድቃለሁ። መጀመሪያ የክሊኒኩ ደብዳቤ ይሁን። የተስሪሁን ቁጥር ባዶ ይተዉት፣ ይፈርሙ፣ ይልቀቁት። ሲት ሰኪና፣ ያን ደብዳቤ ይዩ፣ ቁጥሩን በእጅዎ ይሙሉበት፣ ተስሪሁን ይጻፉ። መኪናው ሁለቱን ሳይዝ ከበር አይወጣም፤ ነጂው አይታሰርም፣ ተስሪሁም ገበያ አይሄድም። መጀመሪያ ደብዳቤው፣ ቀጥሎ ተስሪሁ። ዛሬም፣ እሑድም፣ ለሁሉም ሰው።

እየጠበቅሁ ነው። ክብርኣብም እየጠበቀ ነው። እናንተ ሳትነሡ አፈሩ አይመለስበትም።

… አቶ ባንታምላክ፣ መነጽርዎን ይዘዋል? ይዘዋል። ይሂዱ። ቀብር ጥሎ ሄደ የሚልዎ የለም። ሲት ሰኪና፣ የመክተቡ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው? አይዋ? እሺ። አማል፣ ለዓም ኸሊል ንገሪልኝ፣ በቦክሲ መኪናቸው ያድርሷቸው። መንገድ ስጧቸው። በዚያ በኩል እሾህ ነው፣ በዚህ በኩል ይውጡ።

ሄዱ።

ይድረሱላት አይድረሱላት አላውቅም። ቃል አልገባላችሁም። ለእሱ አልደረስንም።

አሁን ከእሱ ጋር ተዉኝ።

ክብርኣብ፣ ቀብርህ ላይ ሦስት ሰው ጎደለ። እንደማትቀየም አውቃለሁ። እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ካንተ ጋር ልቀብራቸው አስቤ ነበር። አልቀብራቸውም። ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከጻፍኸው ጽሑፍ ሥር እለጥፋቸዋለሁ። ላፕቶፕህን ለኣድያም ሰጥቻታለሁ፤ ዱቄቱን አላራገፍሁትም። እናትህ ሽሬ ናት፣ መርዶው ገና አልደረሳትም። ትናንት ማታ ስልክህ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ጊዜ ጠራ፣ ስሟን አየሁ፣ አላነሣሁትም። ይህንንም ይቅር በለኝ።

አንተ ካቻቢቴ አቀብለኸኝ ወንድም አደረግኸኝ። እኔ የነገርኸኝን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ ከአንዷ በቀር። እርሳስ ስትጠይቀኝ አልሰጠሁህም። ይኸው፣ ደረትህ ላይ አስቀምጫታለሁ።

በሰላም ሂድ፣ ወንድሜ። ጠረጴዛው ላይ ካውያው በቦታው አለ፣ ቴስተሩም አለ። ከእንግዲህ ዝም በል አልልህም።